ድምፃችሁ የቱ ጋ ይመቸዋል? ቮካል ፒች ሞኒተርን ተጠቅሜ ያየሁት

መዝሙር የምትዘምሩ፣ የምትዘፍኑ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ ይሄን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ስሙ ቮካል ፒች ሞኒተር ይባላል። ፕሌይ ስቶር ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ለመሥራት ኢንተርኔት አይጠይቅም። ሥራው አንድ ነው። ድምፅ ስታወጡ ድምፃችሁ የትኛው ኖታ ላይ እንዳለ ወዲያው በመስመር እየሳለ ያሳያችኋል። በቃ። ነጥብ አይሰጥም፣ ከማንም ጋር አያወዳድርም። እኔ የወደድኩትም ለዚሁ ነው፣ ምክንያቱም ገና ድምፁን እየፈለገ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፈተና ሳይሆን ራሱን የሚያይበት ነገር ነው።

መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ልምምድ በመጣ ቁጥር የማይቀር ነገር አለ። አንዱ "ኪዩን ትንሽ ዝቅ አድርገው" ይላል (ኪይ መዝሙሩ የተቀመጠበት ከፍታ ነው)፣ ሌላዋ "እንዴ፣ እንደሱማ ከሆነ እኔ ታች ጠፋሁ" ትላለች፣ አዝማቹ ላይ ስንደርስ ግማሹ ዝም ይላል፣ ግማሹ ይጮኻል። ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ሰው ጠጋ ይልና "እኔ እኮ ድምፅ የለኝም፣ ብተወው ይሻላል" ይለኛል። ይሄን ስሰማ ያመኛል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ድምፅ አለው። ችግሩ መዝሙሩ የተቀመጠው የሱ ድምፅ በሌለበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ማንም ግን እንዲህ ብሎ አይነግረውም። "ተለማመድ፣ ይመጣል" ይሉታል። እሱም ጉሮሮው እስኪደርቅ ይለማመዳል፣ አይመጣም፣ ይተወዋል።

ስለዚህ አፑን የምገመግመው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ድምፄ ከየት እስከ የት ይሄዳል (ሬንጅ የሚባለው ይሄ ነው)፣ የቱ ጋስ ይመቸዋል? ሌላም ብዙ ነገር ይሠራበታል፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ስትከፍቱት ስክሪኑ ላይ አግድም የተሰመሩ መስመሮች ታያላችሁ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ኖታ ነው። ጎኑ ላይ ሲ 3፣ ዲ 3፣ ኢ 3 እያለ ስማቸው ተጽፏል። ፊደሉ የኖታው ስም ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ኖታው የትኛው ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ውስጥ እንዳለ ይነግራችኋል። ፒያኖ መሃል ላይ ያለችው ዶ ሲ 4 ትባላለች። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ያማሃ ይህችኑ ኖታ ሲ 3 ብሎ ነው የሚጠራት፣ ስለዚህ ኪቦርዳችሁና አፑ አልተግባባም ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ከሷ ከፍ ብላ ያለችው ኤ 4 ባንዶች መሣሪያ የሚቃኙባት ናት፣ 440 ሄርትዝ። ይህች ኖታ ላይ ስትሆኑ የድምፅ አውታራችሁ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ውረዱ፣ 220 ይሆናል። አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ውጡ፣ 880።

ሁለት ጣት አድርጋችሁ ማጥበብና ማስፋት ትችላላችሁ። መቅዳትም ይቻላል፣ ከዚያ መስመሩን እያያችሁ የራሳችሁን ድምፅ መልሳችሁ ትሰማላችሁ። እኔ ከሁሉም በላይ የምጠቀመው ይሄንን ነው። እየዘፈኑ ስክሪን ማፍጠጥ ሰውን ያሳስረዋል፣ አንገቱን ያቀረቅራል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ቅዱት፣ ስልኩን ገልብጡት፣ ዘፍኑ፣ ከዚያ በኋላ እዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

መጀመሪያ አትዝፈኑ። አውሩ። ሰው ሲያወራን "እህ… እህ…" እያልን የምንሰማበት ድምፅ አለ አይደል፣ እሱን አድርጉት። ሳታስቡበት፣ ሳታሳምሩት። አፑ ላይ መስመሩ የት እንዳረፈ እዩ። ወንዶች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 130 ሄርትዝ አካባቢ ናቸው፣ በኖታ ከጂ 2 እስከ ሲ 3 ማለት ነው። ሴቶች ብዙ ጊዜ ከ175 እስከ 220፣ ከኤፍ 3 እስከ ኤ 3። የናንተ ከዚህ ቢወጣ ምንም ማለት አይደለም። ይህች ኖታ የድምፃችሁ ቤት በር ናት፣ የሚመቻችሁ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ከሷ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል።

ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። "ማ" ወይም "ኦ" እያላችሁ፣ አንድ አንድ ኖታ፣ ቀስ ብላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ መንቀርቀር ይጀምራል፣ እንደ ድሮ በር "ቅርርር" ይላል። አፑ እዚያም ላይ የተቆራረጠ ነገር ሊስል ይችላል። አትቁጠሩት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይቆራረጥ መያዝ የምትችሉት የመጨረሻው ዝቅተኛ ኖታ የናንተ ታች ነው። ጻፉት።

ወደ ላይ ስትወጡ "ኡ" ይሻላል፣ ወይም ደግሞ ከንፈርን ብርርር ማድረግ። ከንፈር እየተርገበገበ እያለ ማንቁርትን አንቆ መያዝ ስለሚከብድ ድምፁ ሳይጨነቅ ይወጣል። እየወጣችሁ ስትሄዱ ድምፁ የሚታጠፍበት ቦታ ትደርሳላችሁ። ወንዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከዲ 4 እስከ ኤፍ 4 አካባቢ ነው። ሴቶችም የደረት ድምፃቸውን የሚለቁት እዚያው ግድም ነው፣ ኢ 4 ኤፍ 4 ላይ፣ ከዚያ ወደ ላይ ደግሞ ሌላ መታጠፊያ አላቸው። አፑ ላይ ይሄ ነገር በደንብ ይታያል። መስመሩ ይቆረጥና ከፍ ብሎ ሌላ ቦታ ይጀምራል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ "በቃ፣ ድምፄ አለቀ" ይላል። አላለቀም። የደረት ድምፅ ነው ያለቀው። ከዚያ በላይ ቀጠን ያለው፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚያስተጋባ የሚመስለው ድምፅ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ደካማና ትንፋሽ የበዛበት ይሆናል፣ ተሠርቶበት ስለማያውቅ ነው። እሱንም ለኩት፣ ግን ለብቻው ጻፉት።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው፣ ጫፉን አይታችሁ "ሬንጄ ይሄ ነው" አትበሉ። ጫፍ ላይ መድረስና ጫፍ ላይ መዝፈን አንድ አይደለም። አንድ ልጅ አንዴ ኤ 4 ላይ ጮኾ ስለደረሰ ኤ 4 ላይ የሚያርፍ አዝማች አራት ዙር መዘመር ይችላል ማለት አይደለም። እኔ ሰው ስለካ ሦስት ነገር ነው የምጽፈው። የት ድረስ ይደርሳል፣ የት ድረስ ቃል እየጠራ መዘመር ይችላል፣ እና ከየት እስከ የት ቀኑን ሙሉ ቢዘምር አይደክመውም። ሦስተኛው ነው ወርቁ። አንዳንዱ ሰው ላይ ስድስት ሰባት ኖታ ብቻ ይሆናል፣ ይበቃል። በአምስት ድምፅ የሚኬድ ቅኝት ያለን ሰዎች ነን፣ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ስንት የሚያስለቅስ ዜማ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

የሚመቸውን ቦታ አፑ እንዴት ያሳያል ካላችሁ፣ መስመሩን እዩት። የሚመቻችሁ ቦታ ላይ መስመሩ ኖታው ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል፣ ትንሽ ቢወዛወዝም ተመልሶ ይመጣል። የማይመቻችሁ ቦታ ላይ ከኖታው በታች ይጀምርና እየተጎተተ ይወጣል፣ ከደረሰም በኋላ ቶሎ ይሰምጣል።

መዘምራናችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ቀጭን ናት፣ ስታወራም ቀስ ብላ ስለሆነ ገና ስትመጣ ቀጥታ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ) ውስጥ አስገቧት። በልምምድ ወቅት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይሰማም። አንድ ቀን ልምምድ ሳይጀመር ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ይዤላት "ማ" እያለች እንድትወጣ አደረግኩ። እስከ ኤ 4 ምንም ችግር የለም። ሲ 5 ላይ መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዲ 5 ላይ አገጯ ወደ ላይ ተነሳ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ መስመሩ ከኖታው ዝቅ ብሎ ጀመረና እዚያው ታች ቀረ። ሶፕራኖዎቹ ደግሞ የሚውሉት እዚያ ላይ ነው። "አሁን ውረጅ" አልኳት። ኤ 3፣ ጂ 3፣ ኤፍ 3። ኤፍ 3 ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ያዘ፣ ድምፁም ሞላ፣ ኮሪደሩ ሁሉ አስተጋባ። ስልኩን ተቀብላኝ አየችው። "ይሄ የኔ ነው?" አለች። ደግማ ዘመረችው። ደግማ አየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቶ (ዝቅ ያለው የሴቶች ድምፅ) ውስጥ ናት። ዘንድሮ መሪ ሆና የምትዘምራቸው መዝሙሮች አሉ። በፊት የነበራት ድምፅ ነው አሁንም ያላት፣ ምንም አልተጨመረበትም።

በመዘምራን የተለመደው ክፍፍል እንዲህ ነው፦ ባስ ከኢ 2 እስከ ኢ 4 ገደማ፣ ቴነር ከሲ 3 እስከ ሲ 5፣ አልቶ ከኤፍ 3 እስከ ኤፍ 5፣ ሶፕራኖ ከሲ 4 እስከ ሲ 6። ይሄ ግምታዊ ነው፣ ደግሞም አብዛኛው ሰው መሃል ላይ ነው ያለው። አብዛኛው ወንድ ባስም ቴነርም ሳይሆን ባሪቶን ነው፣ አብዛኛዋ ሴት ደግሞ ሜዞ። ስለዚህ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደምትገቡ ብዙ አትጨነቁ። የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መነሻው የድምፅ አውታር ርዝመትና ውፍረት ነው፣ እሱን ደግሞ እንደ ቁመታችሁ አትመርጡትም። ልምምድ ከላይም ከታችም ጥቂት ኖታዎች ይጨምርላችኋል፣ ያላችሁን ያጠራላችኋል፣ መታጠፊያውን ያለሰልሰዋል። ባሱን ሰውዬ ግን ቴነር አያደርገውም።

በነገራችን ላይ ድምፃቸው እየጎረነነ ያሉ ልጆች ካሏችሁ፣ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት አካባቢ ያሉ ወንዶች፣ ዛሬ የለካችሁት በጥቂት ወራት ውስጥ አይሠራም። በዚያ ዕድሜ የወንድ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። እየደጋገማችሁ ለኩላቸው፣ በየመሃሉም የሚመቻቸውን ስጧቸው። "ድምፁ ተበላሸ" እየተባለ ከመዘምራን የወጣ ስንት ልጅ አውቃለሁ።

አሁን ሬንጃችሁን አወቃችሁ እንበል። ምን ታደርጉበታላችሁ? መዝሙሩን ወደናንተ ታመጡታላችሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ወንድ ዘማሪ የዘመረው መዝሙር አለ፣ ዝቅተኛው ጂ 3፣ ከፍተኛው ኤ 4። ዘማሪው ቀጭን ድምፅ ያለው ቴነር ነው፣ ለሱ አዝማቹ ላይ ያበራል። ይሄንኑ መዝሙር አንዲት አልቶ በዚያው ኪይ ልትዘምረው ስትሞክር መነሻው ታች ይቀርባታል፣ ደብዛዛ ይሆናል። አንድ ኦክታቭ ልስቀለው ካለች ደግሞ ጫፉ ኤ 5 ይሆናል፣ አይታሰብም። መፍትሔው መሃል ላይ ነው። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የሚለውን፣ ኪይ መቀየሪያውን፣ 4 ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉት (ግማሽ ድምፅ ማለት ጥቁሮቹንም ጨምሮ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ነው)። አሁን መዝሙሩ ከቢ 3 እስከ ሲ ሻርፕ 5 ሆነ። ለብዙ ሴቶች ይሄ ቦታ የሚናገሩበት ያህል ቅርብ ነው፣ ጫፉም ይደረሳል። ባሪቶን የሆነ ወንድ ደግሞ ይሄን መዝሙር ከፈለገ 5 ዝቅ አድርጉለት፣ ከዲ 3 እስከ ኢ 4 ይሆንለታል። ያው መዝሙር ነው። ዜማው አልተነካም፣ ቃሉ አልተነካም።

ግን ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። "ኦሪጅናሉ እንደዚህ አይደለም እኮ" ይላል። አንዳንዱ ኪይ ማውረድን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ አይገባኝም፣ ከኛ ሙዚቃ ግን አልመጣም። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ አዝማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ክሩን በራሱ ድምፅ ልክ መቃኘት ነው። ክራሩም እንደዚያው ነው፣ ዘፋኙ የሚመቸውን ይጀምራል፣ ክሩ ይጠብቃል ወይም ይላላል። "የማሲንቆው ኪይ ስንት ነው" ብሎ የሚጠይቅ የለም። መሣሪያው ነው ወደ ሰው የሚመጣው። በዜማውም ቢሆን፣ ከቅዱስ ያሬድ ሦስቱ ዜማዎች ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፣ ሊቃውንቱ ግን የሚያነሱት በየድምፃቸው ልክ ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ከፍቶ ከቅጂው ጋር አብሮ መዝፈን መለማመጃ ስለሆነ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ለአንድ ሰው ጉሮሮ የተመረጠው ኪይ ለሁላችንም ሕግ የሆነ ይመስለናል። የጥላሁን ገሠሠን ጉልበት የሚወድ ሁሉ የጥላሁን ኪይ ላይ፣ አስቴር አወቀን የምትወድ ሁሉ አስቴር በምትወጣበት ቦታ ላይ ካልወጣች ያልዘፈነች ይመስላታል። ወደዷቸው፣ ስሟቸው፣ ቅላፄያቸውን ተማሩ። ኪያቸው ግን የነሱ ነው።

ወደ አፑ ልመለስ፣ ድክመቶቹን ሳልናገር አላልፍም።

አንደኛ፣ ጸጥታ ይፈልጋል። ጄኔሬተር ካለ፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ከከፈተ፣ ከበሮ እየተመታ ከሆነ መስመሩ ይበታተናል። የሚያስተጋባ መታጠቢያ ቤትም ይረብሸዋል። ኪቦርድ ከፍ አድርጋችሁ እየተጫወታችሁ ከለካችሁ ደግሞ የኪቦርዱን ድምፅ ያነብና የናንተ ነው ብላችሁ ትደሰታላችሁ። መነሻ ኖታውን በአንድ ጆሮ በኢርፎን ስሙ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ክንድ ያህል አርቁት።

ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ኦክታቭ ይሳሳታል። ትንፋሽ የበዛበት ድምፅ ሲሆን ወይም በጣም ወፍራም ድምፅ ሲሆን መስመሩ ድንገት አንድ ኦክታቭ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ታች ኢ 2 አካባቢ ሲደርሱ የስልክ ማይክ ደክሞ መስመሩ የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ። ጆሯችሁ "አልተቀየርኩም" ካላችሁ ጆሯችሁን እመኑ።

ሦስተኛውና እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ፣ ኪይ ምረጡ ሲላችሁ የሚያቀርብላችሁ ሜጀርና ማይነር፣ ሁለቱ የምዕራባውያን ዋና ቅኝቶች፣ ነው። ለትዝታ ሜጀር ችግር የለም፣ አምስቱም ኖታዎች፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ሜጀሩ ውስጥ አሉ። አንቺሆዬ ላይ ግን አይሠራም። ከዶ ከጀመራችሁት አንቺሆዬ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው የሚሄደው፣ ይሄ ከየትኛውም ሜጀርም ሆነ ከተለመደው (ናቹራል) ማይነር ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በመረጣችሁት ኪይ መስመሮች ብቻ ከተመራችሁ ትክክል የዘፈናችሁት ስህተት ይመስላችኋል። በዚያ ላይ አፑ የሚያውቀው ኦክታቭን ለአሥራ ሁለት እኩል የሚከፍለውን የፒያኖ ቅኝት ነው። ማሲንቆ የሚጫወቱ፣ በአዝማሪ ቤት ያደጉ ሰዎች አንዳንድ ኖታ ላይ ከፒያኖው ትንሽ ወጣ ብለው ነው የሚያርፉት፣ ውበቱም እሱ ነው። አፑ ላይ ሲታይ ግን "ከመስመር ወጥቷል" ይላል። ይሄን ስታዩ ድምፃችሁን ለማስተካከል አትቸኩሉ። አፑን ሬንጅ ለመለካት ተጠቀሙበት፣ የባህል ዜማ ቅላፄን ለማረም አትጠቀሙበት።

አራተኛ፣ ሕመም አይሰማም። ይሄ የአፑ ጥፋት አይደለም፣ የየትኛውም ስልክ ጥፋት አይደለም። ግን መታወቅ አለበት። መስመሩ ኖታው ላይ ደርሶ ጉሮሯችሁ ግን እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። አፑ ሁለቱን አይለይም። የምትለዩት እናንተ ናችሁ። ከለካችሁ በኋላ ማውራት ከከበዳችሁ፣ ድምፃችሁ ከሰለለ፣ ከመጠን በላይ ሄዳችኋል፣ የጻፋችሁትን ከፍተኛ ኖታ ሁለት ሦስት ዝቅ አድርጉት። ጉንፋን ላይ አትለኩ። ጠዋት ገና እንደተነሳችሁም አትለኩ፣ ጠዋት ድምፅ ይወፍራል፣ ታች ላይ ያልሆናችሁትን ባስ ያደርጋችኋል፣ ላይ ደግሞ ይዘጋባችኋል። ከሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ካንጎራጎራችሁ በኋላ ይሻላል። ደግሞ በአንድ ቀን አትወስኑ፣ በተለያየ ቀን ለክታችሁ ተደጋግሞ የሚመጣውን ያዙ።

ማርና ዝንጅብል የሚል ምክር በየልምምዱ ይሰማል። ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ደስ ይላል፣ እኔም እጠጣለሁ። የሚዋጥ ነገር ግን የድምፅ አውታር ላይ አያርፍም፣ መንገዱ ሌላ ነው፣ ቢያርፍማ ታንቀን ነበር። የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት፣ መተኛትና ጫጫታ ውስጥ ሆኖ አለመጮህ ነው። ድምፃችሁ ጎርንኖ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ዝንጅብሉን ተዉት። ዘማሪዎች ይሄን ነገር በጣም ይንቁታል፣ በጣም ያናድደኛል።

ለማን ነው የምመክረው? በግሉ ለሚለማመድ፣ አስተማሪ ለሌለው ሰው በጣም ጥሩ ነው። ለመዘምራን መሪ ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ በመልኩ፣ በቁመቱ ወይም በንግግሩ ገምታችሁ ከምትመድቡት አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ለኩት። ጎበዝ የድምፅ አስተማሪ ካላችሁ ግን ይሄ አፕ አስተማሪውን አይተካም። አስተማሪ ትከሻችሁ መነሳቱን ያያል፣ መንጋጋችሁ መቆለፉን ያያል፣ "እዚህ ጋ ተንፍሺ" ይላል። አፑ ይሄን አያውቅም። ለሁለቱም ጊዜ ካላችሁ፣ የቀዳችሁትን ይዛችሁ ወደ አስተማሪያችሁ ሂዱ፣ ያኔ ትምህርቱ ይፈጥናል።

ስልካችሁ ያረጀ ቢሆንም አትስጉ፣ ከባድ አፕ አይደለም። ኪቦርድ ከሌላችሁ መነሻ ኖታ የሚሰጥ ነጻ የፒያኖ አፕ አብራችሁ አውርዱ።

ለክታችሁ ስትጨርሱ ሦስቱን ነገሮች የግጥም ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ታች፣ ላይ፣ የሚመች። ቀኑንም ጻፉበት። ከዚያ አዲስ ዘፈን ከመያዛችሁ በፊት አዝማቹን አፑ ላይ አንዴ ቅዱና ከፍተኛው ኖታ የት እንደሆነ እዩ፣ ከሚመቻችሁ በላይ ከሆነ ስንት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት እንዳለበት ቆጥራችሁ ለኪቦርድ ተጫዋቻችሁ ንገሩት። "ትንሽ ዝቅ አድርገው" አትበሉት፣ "ሦስት ዝቅ አድርገው" በሉት። በኪቦርድ ተጫዋቾች ስም ነው የምለምናችሁ።